አሮጌውና አዲሱ ካሜራ፤ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ለሚጀምር ፎቶ አንሺ የትኛው ይበጃል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የጥር ወር በገባ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ አማኑኤል፣ እስከ ደምበጫ፣ እስከ ሉማሜና እስከ ደጀን ድረስ የሠርግ ዳስ ይጣላል። ጥምቀቱ፣ ሠርጉ፣ ቅልቅሉና መልሱ ተከታትለው በሚውሉባቸው በእነዚህ ሳምንታት የፎቶግራፍ ባለሙያው ዕረፍት የለውም። ከዚያም ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጥቂት ይነሣል፤ ክረምቱ ሲከብድ ደግሞ እንደገና ይተኛል። የጀማሪው ባለሙያ የዓመት ገቢ ባብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ወቅቱ ሳይደርስ የሚገዛው ካሜራ እንደ ተራ ዕቃ የሚታይ አይደለም። ካሜራው ለእርሱ እንደ ገበሬው በሬ ነው። በእርሻ ወራት በሬው የወደቀበት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ እንደሚቸገር ሁሉ፣ በሠርግ ወራት መሣሪያው የከዳው ፎቶ አንሺም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል።

እንግዲህ ይህ ጀማሪ ባለሙያ፣ ከቤተሰብ ወይም ከቁጠባ ማኅበር በተበደረው ገንዘብ ካሜራ ሊገዛ ሲነሣ፣ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ወገን፣ «አሮጌውንና ያገለገለውን በርካሽ ግዛ፤ ፎቶው ያው ነው» ይለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «አሮጌ ዕቃ ዕዳ ነው፤ አዲሱን ግዛ» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች በከፊል እውነት ናቸው። በከፊል እውነት መሆናቸውም ነው ወጣቱን የሚያሳስተው። ነገሩ በሚገባ ይብራራ ዘንድ፣ ከአንድ አምራች የወጡና በዋጋም ሆነ በዓላማ ለጀማሪ የታሰቡ ሁለት ካሜራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ተገቢ ይሆናል። እነርሱም ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ኤም 50 እና በ2023 ያወጣው አር 50 ናቸው።

ሁለቱም መስታወት አልባ ወይም በተለምዶ «ሚረርለስ» የሚባሉ ናቸው። በቀድሞው ዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የሚገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን መመልከቻው ይደርስ ነበር፤ ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ይነሣና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሚረርለሱ ግን መስታወቱን አስወግዶ፣ ሴንሰሩ የሚያየውን ነገር በትንሽ ስክሪን ለዓይን ያቀርባል። ከዚህም የተነሣ የካሜራው አካል ያንሳል፤ ክብደቱም ይቀልላል፤ ባለሙያውም ፎቶው ሊኖረው የሚችለውን መልክ ከማንሣቱ በፊት ለማየት ይችላል። በአንጻሩ ሴንሰሩና ስክሪኑ ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሉሚክስ ጂ 1ን ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ዐይነቱ ካሜራ ቀስ በቀስ የዲኤስኤልአሩን ቦታ እየያዘ መጥቷል።

በመጀመሪያ ባልተንቀሳቃሹ ፎቶ ረገድ ያለው ልዩነት ይታይ። አሮጌው 24.1 ሜጋፒክስል፣ አዲሱ 24.2 ሜጋፒክስል አላቸው። የሴንሰራቸው ስፋት እኩል ነው። ክብደታቸውም ቢሆን፣ ባትሪና ሜሞሪ ካርድ ተጨምሮ፣ ሁለቱም ከ400 ግራም በታች ነው። በጠዋት ፀሐይ በአንድ ዐይነት ሌንስ አንድ ሽማግሌን ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በሁለቱም ካሜራዎች አንሥቶ በመጠነኛ ወረቀት ላይ ላሳተመ ባለሙያ፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ያዳግተዋል። «ፎቶው ያው ነው» የሚለው ወገን እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም።

ልዩነቱ የሚጀምረው የሚነሣው ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። የሁለቱም የፎከስ ዘዴ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ ለሁለት ተከፍሎ ከሌንሱ ግራና ቀኝ የሚመጣውን ብርሃን ለየብቻ ይቀበላል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲገጣጠሙ ፎከሱ ደርሷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ አሮጌው ካሜራ የሰውን ዓይን ለይቶ የሚይዘው ሰውየው ባለበት ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ፎከስ ሲደረግ ነው። አዲሱ ግን ሰውንም ሆነ እንስሳን ለይቶ፣ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ይከተለዋል። ፎከሱን እያስተካከለ በሰከንድ የሚያነሣው ፎቶም በአሮጌው እስከ 7.4፣ በአዲሱ 12ና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሙሽራዋ በሚዜዎች ታጅባና በዘፈን ተከባ ወደ ዳሱ ስትገባ፣ ወይም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ፈረሰኛው ወደ ካሜራው ሲጋልብ፣ ይህ ልዩነት በጉልህ ይታያል። በአሮጌው ካሜራ የሚሠራ ሰው ቦታውን አስቀድሞ ገምቶ፣ ፎከሱን እዚያው አስተካክሎ መጠበቅ አለበት። ይህን ማድረግ የቀደሙት ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁት ብልሃት ቢሆንም፣ ለጀማሪ ግን ጊዜ የሚወስድ ትምህርት ነው።

አዲሱም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም። ያለ ምንም ድምፅ ለማንሣት የሚያስችለው የኤሌክትሮኒክ ሸተር በሥርዓተ ተክሊል ጊዜ እጅግ የሚጠቅም ነው፤ በቅዳሴ መካከል የሚሰማ የካሜራ ድምፅ ካህናቱንም ምእመናኑንም ያውካልና። አሮጌው ካሜራ ይህን የሚሰጠው በአንድ በተወሰነ ምርጫ ብቻ ሲሆን፣ በዚያም ውስጥ ባለሙያው ብርሃኑን እንደ ፈቃዱ ለመቆጣጠር አይችልም። ነገር ግን የኤሌክትሮኒኩ ሸተር ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻ ሊያጣምም፣ በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ በፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን የሚበጀው ምርጫ በዳሱ ውስጥ መቀየር አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታየው ቪድዮ ነው። ዛሬ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ፎቶና ቪድዮ አንድ ላይ ስለሚጠይቅ ይህ ጉዳይ ቸል የሚባል አይደለም። አሮጌው ካሜራ 4ኬ ቪድዮ ሲቀርጽ የሴንሰሩን መካከለኛ ክፍል ብቻ ይጠቀማል፤ የተራቀቀው የፎከስ ዘዴውም በዚህ ጊዜ ሥራ ያቆማል። በውጤቱም አብሮት የሚሸጠው ሌንስ በመጨረሻው ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለፎቶ ከ24 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን እይታ ሲሰጥ፣ በ4ኬ ግን ከ38 ሚሊ ሜትር ጋር ወደሚመጣጠን ጠባብ እይታ ይወርዳል። በጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የሚቀርጽ ባለሙያ፣ ሙሽሮቹን ሲያስገባ ወላጆቹ፣ ወላጆቹን ሲያስገባ ሚዜዎቹ ይቀሩበታል። አዲሱ ካሜራ በአንጻሩ በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ይቀርጻል፤ ፎከሱም አይጓደልበትም። አሮጌውን የያዘ ሰው 4ኬውን ትቶ በፉል ኤችዲ ቢቀርጽ ስፋቱም ፎከሱም ይመለስለታል፤ በስልክ ወይም በመጠነኛ ቴሌቪዥን ለሚመለከት ደንበኛም ይህ ይበቃዋል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። በአምራቹ መለኪያ መሠረት አሮጌው በአንድ ባትሪ 235 ያህል ፎቶ ሲያነሣ፣ አዲሱ በስክሪኑ ሲሠራ 370 ያህል ያነሣል። በአንድ ሠርግ 800 ፎቶ የሚነሣ ቢሆን ለአሮጌው አራት፣ ለአዲሱ ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከ4000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የጮቄ ተራራ አቅጣጫ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይጠነክራል። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ የታወቀ ስለሆነ፣ ተቀያሪው ባትሪ በቦርሳ ሳይሆን ከሰውነት ጋር በኪስ መያዝ ይኖርበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን መብራት በሚጠፋበት ወይም ጭራሹን በማይገኝበት ገጠር የሚሠራ ሰው ባትሪውን እንዴት ይሞላል የሚለው ነው። አዲሱ ካሜራ በቂ ኀይል ካለው ፓወር ባንክ በዩኤስቢ ገመድ ሊሞላ ይችላል፤ የአሮጌው ባትሪ ግን ከካሜራው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ካልሆነ አይሞላም። በተጨማሪም አዲሱ የሚጠቀምበት ኤልፒ-ኢ17 የተባለው ባትሪ እንደ 750ዲ፣ 800ዲና 200ዲ ባሉት የካኖን ዲኤስኤልአሮች የሚሠራ ስለሆነ፣ ከባልደረባ ተውሶ ለመሥራት የሚመች ነው።

እስከዚህ የተባለውን የሰማ ሰው አዲሱ ካሜራ በሁሉም ረገድ በልጧል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከፍርዱ በፊት የብርሃኑ ጉዳይ ሊታይ ይገባል።

ከአዲሱ ጋር የሚሸጠው ሌንስ በመጨረሻው ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከ29 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ፣ ለፎቶ ከአሮጌው ሌንስ ይልቅ ይጠብባል። የብርሃን መግቢያውም በአሮጌው እስከ ኤፍ 3.5 ሲከፈት፣ በአዲሱ ከኤፍ 4.5 አያልፍም። በሰፊው ጫፍ ላይ ሲነጻጸሩ የአሮጌው ሌንስ ከአዲሱ አንድ ተኩል ጊዜ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ በጠባብና በደብዛዛ ቤት ውስጥ፣ ከፋብሪካ በወጡበት ሌንስ ብቻ ቢሠራባቸው፣ አሮጌው ለፎቶ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

የፍላሹም ነገር እንደዚሁ ነው። የአሮጌው የፍላሽ መጫኛ ከጥንት ጀምሮ የታወቀውን የመካከል መገናኛ የያዘ ስለሆነ፣ በእጅ የሚስተካከለውን ርካሽ ፍላሽም ሆነ ከሩቅ ፍላሽ የሚያበራውን ትሪገር ያለ ችግር ይቀበላል። በአዲሱ ላይ ግን ይህ የመካከል መገናኛ የለም፤ በምትኩ 21 ጥቃቅን መገናኛዎች ያሉት አዲስ መጫኛ ተደርጎበታል። ኤዲ-ኢ1 የተባለው አዳፕተር ካልተገዛለት በቀር የቀድሞው ፍላሽ ሊሠራበት አይችልም። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ይህን ሳያውቅ አዲሱን ካሜራ ገዝቶ፣ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ፍላሾች ይዞ ለማታ ድግስ የሚሄድ ባለሙያ የሚገጥመው ነገር ለማንም ግልጽ ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከአዲስ አበባ፣ አዳፕተር እስኪመጣ ድረስ ሙሽሮች አይጠብቁም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነጥብ መድረስ ይቻላል። ይህም የሌንሱ ማያያዣ ነው። አሮጌው ኢኤፍ-ኤም የተባለውን፣ አዲሱ አርኤፍ የተባለውን ማያያዣ ይጠቀማል። ካኖን ኢኤፍ-ኤምን እ.ኤ.አ. በ2012 አስተዋውቆ፣ ለእርሱ የሠራቸው ሌንሶች ስምንት ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ አዲስ ካሜራ አልወጣበትም፤ በ2023ም የካሜራዎቹ ምርት ማብቃቱ ታውቋል። እነዚህ ሌንሶች ወደ አዲሱ ካሜራ ሊሻገሩ አይችሉም። ምክንያቱ የንግድ ብቻ ሳይሆን የልክ ጭምር ነው። በኢኤፍ-ኤም ከማያያዣው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአርኤፍ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ መቅረብ የሚገባውን ያህል ሊቀርብ ስለማይችል፣ ተራ አዳፕተር በመካከል የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለአሮጌው ካሜራ ተብሎ የሚገዛ የኢኤፍ-ኤም ሌንስ ዕድሜው ከካሜራው ዕድሜ አያልፍም።

በአንጻሩ ኢኤፍ የተባሉት የዲኤስኤልአር ሌንሶች የተሠሩት ለ44 ሚሊ ሜትር ርቀት ስለሆነ፣ ተገቢው አዳፕተር ሲደረግላቸው በአሮጌውም በአዲሱም ላይ ይሠራሉ። ከካኖን ዲኤስኤልአር ጋር ለኖሩት የአገሪቱ ባለሙያዎች ይህ ትልቅ ሀብት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን ትንሽ ሌንስ የያዘ ሰው፣ ዛሬ በኤም 50፣ ነገ በአር 50፣ ከዚያም በኋላ በሚመጣው ሊጠቀምበት ይችላል። ማያያዣን ጠብቆ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሌላው አምራች ከሶኒ መማር ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያዎቹ የኔክስ ካሜራዎች የተሠራ ሌንስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በወጡት የሶኒ ካሜራዎች ላይ ዛሬም ይገጥማል። ለአርኤፍም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሲግማና ታምሮን ለዚህ የሴንሰር መጠን የሚሆኑ ሌንሶችን ማውጣት በመጀመራቸው፣ ምርጫው ከቀድሞው እየሰፋ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲሱ ካሜራ ከሌንሱ ጋር በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ 800 ዶላር ያህል ነበር። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ አንድ ዶላር በ57 ብር ከ50 ሳንቲም ቢታሰብ፣ ይህ 46,000 ብር ይሆናል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆኗል፤ በዚህ ሒሳብ ያው ካሜራ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር 104,000 ብር ይደርሳል። ካሜራው አልተሻሻለም፤ የሚፈልገው የሠርግ ብዛት ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዋጋው እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ በተሳሳተ ማያያዣ ላይ የፈሰሰ ገንዘብ የሁለት ዓመት ድካም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ የሚከተለው ነው። አስቀድሞ ኢኤፍ ሌንስና ፍላሽ ላለው፣ ሥራውም በአብዛኛው ፎቶ ለሆነ ባለሙያ፣ ያገለገለ ኤም 50 ከአዳፕተር ጋር ይበቃዋል፤ ለእርሱ ብሎ ግን አንድም የኢኤፍ-ኤም ሌንስ አይግዛ። ከባዶ ለሚጀምር፣ ቪድዮም ለሚቀርጽ፣ መብራት ወደሌለበት ገጠርም ለሚወጣ ደግሞ አዲሱ ይሻለዋል፤ የፍላሹ አዳፕተርና ብርሃን የሚያስገባ አንድ ሌንስ ግን ከካሜራው ዋጋ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። ገንዘቡ ለካሜራው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ገና አልበቃም ማለት ነው።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛም ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ነጭ ግድግዳ በጠባብ የብርሃን መግቢያ አንሥቶ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ሌንሱ ማያያዣው ላይ የሚወዛወዝ እንደሆነ፣ ባትሪው ያበጠ እንደሆነ፣ ፍላሹም ከመጫኛው ላይ የሚበራ እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ።

አንድ ጉድለት ግን ሁለቱ ካሜራዎች በእኩል ይጋሩታል። ሁለቱም ሜሞሪ ካርድ የሚቀበሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ካርዱ ቢበላሽ የቃል ኪዳኑ ሰዓት አይደገምም፤ በሠርጉ ቀን ተቀምጠው የተነሡት አያትም ለመልሱ ላይደርሱ ይችላሉ። ስለሆነም ባለሙያው አንድ ትልቅ ካርድ ከመያዝ ይልቅ ሁለት ሦስት መጠነኛ ካርዶችን እየቀያየረ ቢሠራና በዚያችው ሌሊት ሳይተኛ ቅጂ ቢያወጣ ደንበኛውን ከማይካስ ጉዳት ይጠብቃል። ከዚህም የሚሻለው ሁለተኛ ካሜራ መያዝ ነው። አሮጌውና አዲሱ ካሜራ የሚታረቁትም እዚህ ላይ ነው። ኢኤፍ ሌንሶችን መሠረቱ ያደረገ ባለሙያ አዲሱን ሲገዛ አሮጌውን መሸጥ የለበትም፤ አንዱ ቢከዳው በሌላው፣ በዚያው ሌንስ፣ ሥራውን ይጨርሳል። አንድ ባለሙያ ብቻውን ይህን ማሟላት ቢያቅተው፣ በአንድ ከተማ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት አንድ ተጠባባቂ ካሜራና ጥቂት አዳፕተሮች በጋራ ገዝተው በተራ ቢጠቀሙ፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወረሱ። ዛሬ ሥራዎቻቸውን የሚመለከት ሰው በፎቶው ውስጥ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደቆሙና ፊታቸው ምን እንደሚል ይጠይቃል እንጂ፣ ካሜራው በዚያ ዘመን አዲስ ነበር ወይስ አሮጌ ብሎ አይጠይቅም። በደብረ ማርቆስ የሚኖር ቤተሰብም ከሠላሳ ዓመት በኋላ አልበሙን ሲገልጥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ካሜራ የሚገዛው ሊለወጥ ነው፤ ሌንስ የሚገዛው ሊቆይ ነው፤ ፎቶው ግን የሚነሣው ለሚወርሰው ትውልድ ነው። ጀማሪው ባለሙያም ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያወጣ፣ ለዕዳውም ለሙያውም የታመነ ይሆናል።